በሰው ድንኳን የሚያለቅሱት

የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ድምፁ ጎርናና ነው፤ ስም ሲጠራ ግን ግማሹን ይውጠዋል። ያን ዕለት ማለዳ ግቢ ውስጥ ቆሜ ጥርሴን ስቦርሽ በአጥራችን ጥግ አለፈና «ጸባየ ሸጋዋ፣ ዝምተኛዋ፣ ሰው አክባሪዋ መምህርት...» ሲል ሰማሁት። ስሙን ዋጠው። ከኮሌጃችን ሴት መምህራን ዝምተኛ የምትባለው የትኛዋ ናት ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። ባለቤቴ ከቤት ብቅ ብላ «ዘነበች እኮ ናት!» ስትለኝ የጥርስ ሳሙናውን ሳልተፋ «ዘነበች መቼ ነው ዝምተኛ ሆና የምታውቀው?» አልኳት። መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን ሳይሆን ንዴት ነበር። ሐዘኑ ቀስ ብሎ መጣ፤ ንዴቱ ግን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኳ ሲነበብ ደግሞ ባሰብኝ። «መምህርት ዘነበች ከማንም ጋር ተጣልተው የማያውቁ፣ ክፉ ቃል ከአፋቸው የማይወጣ...» አለ የእድሩ ጸሐፊ፣ ወረቀቱን ነፋስ እንዳይወስድበት በሁለት እጁ ይዞ። ዞር ብዬ ሕዝቡን አየሁ። የኮሌጁ ዲን ከእሷ ጋር ተጣልቷል። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ላምቤቦ ተጣልተዋል። ጸሐፊው ራሱ ተጣልቷል። እኔም ቢሆን ሳንጣላ የምንከርምበት ወር አልነበረም። ሰው ሲሞት ማመስገን ወግ ነው፤ ግን የሞተውን ሰው እንጂ ሌላ ሰው ፈጥሮ ማመስገን ምን ይባላል? ዘነበች ነዝናዛ ነበረች። እውነቱ ይሄ ነው፤ የምወዳትም በዚሁ ነው።

የአንጋጫ ልጅ ናት፣ ከከምባታ ካቶሊክ ቤተሰብ። ሆሳዕና የመጣችው እኔ ሂሳብ አያያዝ በማስተምርበት የግል ኮሌጅ ተቀጥራ ነው። የምታስተምረው ሶሲዮሎጂ ነበር። ወዳ የመረጠችው ትምህርት አልነበረም፤ ነርስ መሆን ፈልጋ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የደረሳት ይሄ ሆነ። አባቷ ስሙን ሲሰሙ «በሽታ ነው ወይስ ትምህርት?» ብለው እንደጠየቋት እየነገረችን ትስቅ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፈጣን ናት። ስትናደድ መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ትወለውላለች። የምትናደድባቸው ቀናት ስለሚበዙ መነጽሯ ሁልጊዜ ንጹሕ ነበር።

አንድ የማትተዋት ጥያቄ ነበረቻት፦ «ሌላስ ማን አለ?» ማንም ሰው ችግሩን ሊነግራት ሲቀመጥ እስከ መጨረሻው ታዳምጥና ይህችን ትጠይቃለች። «አይዞህ» አትልም። «እግዜር ያውቃል» አትልም። «ሌላስ ማን አለ?» ብቻ። ሰው ያበሳጫል። ተማሪዎቿ በፈተና ላይ «ሶሲዮሎጂ ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ «ሌላስ ማን ብሎ መጠየቅ ነው» ብለው ሲጽፉ ሙሉ ማርክ ትሰጣቸው ነበር አሉ፤ ዲኑ ይህን ሰምቶ ቢሮው አስጠርቷታል።

እኔን አንድ ጊዜ አከራዬ ቤቱን ልቀቅ አለኝ፣ ያውም በክረምት። ምክንያቱን አውቀዋለሁ ብዬ ነበር፦ ባለቤቴ ከአከራያችን ሚስት ጋር በውኃ ቧንቧ ተጣልታለች። ለሳምንት ያህል ባለቤቴን አኮረፍኳት። ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ለዘነበች ይህን ሁሉ ስዘረግፍላት እንደለመደችው «ሌላስ ማንን ልቀቅ ብለዋል?» አለችኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ? የእኔ ጣጣ ይበቃኛል!»

«እስቲ የጎረቤቶችህን በር አንኳኳ።»

ከእሷ ለመገላገል ብዬ አንኳኳሁ። በዚያ መስመር ያለን ተከራዮች ሁላችንም ልቀቁ ተብለናል፤ ሁላችንም የየራሳችንን ጥፋት ስንፈልግ ከርመናል። አንዱ ልጆቼ ስለሚጮሁ ነው ይላል፤ ሌላዋ መብራት ስለማበዛ ነው ትላለች። ለካ አከራዮቹ ቤቱን አፍርሰው ፎቅ ሊሠሩ ተነጋግረዋል። ተሰብስበን አብረን ሄድንና ክረምቱ እስኪወጣ ጊዜ ሰጡን። ዘነበችን አላመሰገንኳትም። የገዛ ጠቤ እንኳ የእኔ ሳይሆን ቀረ ብዬ ተናደድኩ እንጂ።

ዋናው ነገሯ ግን የእኔ ቤት ጉዳይ አይደለም። የእሷ ነገር የጀመረው ክፍል ውስጥ ነው።

አንድ ቀን የሂሳብ አያያዝ ተማሪዎቼን ሶሲዮሎጂ ልታስተምር ገብታ «ከቤታችሁ ሳውዝ አፍሪካ የሄደ ሰው ያላችሁ እጅ አውጡ» አለቻቸው። ክፍሉ በእጅ ተሞላ፤ ሳቅም ኩራትም ነበረበት። የሆሳዕና ልጅ ይህን ሲጠየቅ አያፍርም። «ከሄደ በኋላ ድምፁ የጠፋባችሁስ?» ስትል እጁ ሁሉ ወረደ። አንድም የቀረ አልነበረም። እረፍት ላይ አንዲት ተማሪ፣ አስናቀች የምትባል፣ ኮሪደር ላይ ጠብቃ «ቲቸር፣ የእኛ ቤት ብቻ ነው እንዲህ የሆነው፤ ወንድሜ ጠፍቷል፤ ለሰው እንዳትነግሪብኝ» አለቻት። ከሰዓት በኋላ ሌላዋ መጣች፣ በማግስቱ ደግሞ አንድ ወንድ ልጅ። ሁሉም ያንኑ ቃል ነው የሚሉት፦ የእኛ ቤት ብቻ።

ዘነበች መምህራን ክፍል ገብታ ጠመኔዋን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል! እያንዳንዳቸው ግን በዓለም ላይ ብቻቸውን ናቸው!»

«ታዲያ ንገሪያቸዋ» አልኳት።

«እንዴት ብዬ? አትንገሪብኝ ብለውኛል እኮ። አደራ ነው።» መነጽሯን አወለቀች።

በእኛ አካባቢ ልጅ ሲሄድ ይጸለይለታል። ሲደርስ ቤተ ክርስቲያን ምስጋና ይቀርባል፣ ውሎ ሲያድር የቤቱ ቆርቆሮ ይቀየራል፣ እናቱም ሠርግ ቤት ስትገባ ከፊት ቦታ ይለቀቅላታል። መንገድ ላይ የቀረ ልጅ ግን ወግ የለውም። ሞተ አይባልም፤ አለም አይባልም። ሰው ሲሞት ሽማግሌዎች ተሰብስበው በማለዳ በር ላይ ይቆማሉ፣ መርዶ ይነገራል፣ እድሩ ድንኳን ይጥላል፣ ጎረቤት መጥቶ ይቀመጣል። ለጠፋው ልጅ ማን ይቆማል? ጎረቤት መጀመሪያ ላይ «ደወለ?» ይላል። ከጊዜ በኋላ እሱንም ይተዋል። እናትየው «ረስቶኝ ነው፣ ነጭ አግብቶ ነው፣ እስር ቤት ሆኖ ነው» እያለች ውርደቱን ለብቻዋ ትሸከማለች።

ሰፈራችን ውስጥ የደሳለኝ እናት አሉ። ስማቸውን የሚጠራ የለም፤ በልጃቸው ስም ነው የምንጠራቸው፣ ደሳለኝ ከታንዛኒያ ወዲያ አልፌያለሁ ብሎ ደውሎ ድምፁ ከጠፋ ስንት ዘመን ካለፈ በኋላም። ሱቅ ሲገቡ «የደሳለኝ እናት፣ ደህና ዋሉ?» ገበያ ላይ «የደሳለኝ እናት፣ ድንቹ ስንት ነው?» እኝህ ሴት ለቅሶ አይቀሩም። የሚያውቁት ሞተ የማያውቁት ሞተ፣ ቀድመው ይመጣሉ፣ ከባለቤቱ በላይ ያለቅሳሉ፣ ድንኳኑ ሲነሳ መጨረሻ የሚወጡት እሳቸው ናቸው። ሰዉ ያማቸው ነበር። «ለንፍሮው ነው የምትመጣው» ያለም አለ። እኔ ራሴ ለቅሶ የሚወዱ ሴት ናቸው ብዬ አልፌያቸዋለሁ።

ዘነበች ግን አየቻቸው። ሾኔ ከተማ የአንድ መምህር አባት ሞተው ለቅሶ ልንደርስ አብረን ሄደን ነበር። ስንወጣ ክንዴን ያዘችኝ።

«አየሃቸው?»

«እነማንን?»

«እነዚያን ጥጉ ላይ የተቀመጡትን ሴቶች። ሟቹን ያውቁታል? አያውቁትም፤ ጠይቄያቸዋለሁ። ሾኔም የደሳለኝ እናቶች አሉ። ባለፈው ቦኖሻ ሄጄ ነበር፣ እዚያም አሉ። በሰው ድንኳን የሚያለቅሱት ለራሳቸው ልጅ ነው፣ ዳዊት። የራሳቸው ድንኳን ስለሌላቸው።»

አውቶቡሱ ውስጥ አንድ ቃል አልተናገረችም። ዘነበችን ዝም ብላ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራ አገኘች። ለቅሶ ቤት እየሄደች ጥጉ ላይ ከሚቀመጡት ጎን ትቀመጣለች፣ ታዋራቸዋለች። አስናቀችን «የእናንተ ቤት ብቻ እንዳልሆነ ለእናትሽ ልንገር?» ብላ አስፈቀደቻት። ቀስ በቀስ ከሰፈራችን የተወሰኑት እሁድ ከሰዓት እሷ ቤት መጡ። እኔንም ጠርታኝ ነበርና በር ላይ ቆሜ አየሁ። ትንሽ ሰሌዳ ተከራይታ ግድግዳው ላይ ሰቅላለች! የመሬት ጥበት፣ የሥራ እጦት፣ ደላላ፣ ሁሉንም በቀስት አያይዛ አብራራች። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፍተው ጫማቸውን ያያሉ። ስትጨርስ የደሳለኝ እናት ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ልጄ፣ ያልሽው ሁሉ ልክ ይሆናል። ጥፋቱ የልጄ ብቻ አለመሆኑን ሰማሁ፤ ይሄም ደግ ነው። ግን ሰው የሞተበት ሰው ይመጣለታል፣ ይቀመጥለታል። ለእኔ ማንም ተቀምጦልኝ አያውቅም። ደሳለኝ ሞቷል በሉኝ አላልኩም፤ ማን አይቶት? አንድ ቀን ብቻ ሰው እንዲቀመጥልኝ ነው የምፈልገው።»

ሌሎቹ ያኔ ማልቀስ ጀመሩ። በሰው ድንኳን ከሚያለቅሱት የተለየ ለቅሶ ነው፤ ድምፅ የለውም።

ዘነበች በማግስቱ «ሰሌዳ ይዤላቸው ቀረብኩ! ሰሌዳ!» እያለች ራሷን ስትረግም ዋለች። ከዚያ ግን የደሳለኝን እናት ቃል እንዳለ ይዛ እድር ገባች። ባል ስለሌላት የእድራችን አባል የሆነችው በራሷ ስም ነው፤ ሌሎቹ ቤቶች የተመዘገቡት በአባወራው ነው። ስለዚህ ስብሰባ ላይ ከወንዶቹ መሐል የምትቀመጥ ሴት እሷ ብቻ ነበረች።

ጋሽ ላምቤቦን እዚህ ላይ ላስተዋውቃችሁ። ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ሥርዓት የሚወዱ ሰው ናቸው። የድንኳኑን ገመድ ራሳቸው ካላሰሩት አያምኑም። ልጃቸው ኤርሚያስ ጆሃንስበርግ ሱቅ እንዳለው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። «ኤርሚያስ እንዴት ነው?» ሲባሉ «ደህና ነው፣ ትናንት ደውሎ ነበር» ይላሉ። ዘነበች ተነስታ «መንገድ ላይ ለጠፉ ልጆች ቤተሰብ እድሩ ድንኳን ይጣልላቸው፣ አንድ ቀን እንቀመጥላቸው» ስትል መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ።

«መምህርት፣ የእድሩ ደንብ ግልጽ ነው። ድንኳን የሚጣለው ለሞተ ነው። መርዶ ሳይመጣ ሐዘን የለም።»

«መርዶው መቼም ባይመጣስ፣ ጋሼ?»

«ያኔ ተስፋ አለ ማለት ነው!»

«ተስፋው ብቻውን ቤት ዘግቶ የሚያስለቅሳቸው ከሆነስ?»

«ይሄ ሟርት ነው» አለ አንዱ ከኋላ። ጉርምርምታ ተነሳ። ሌላው ደግሞ «የካቶሊክ ነገር ነው፤ ለሙታን ጸሎት ልታስገባብን ነው» አለ። ዘነበች ዞረችና «ጸሎት አላልኩም፤ አግዳሚ ነው ያልኩት! አግዳሚ ደግሞ ካቶሊክም ጴንጤም አይደለም!» አለችው። ሰዉ ሳቀ። ሳቁ ግን አልረዳትም። ጋሽ ላምቤቦ «ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፍ» አሉ።

ለሚቀጥለው ተላለፈ። ለዚያ ለሚቀጥለውም። እንዲህ እያለ ዓመታት ሄዱ። ድንኳኑ ይቅር አግዳሚ ብቻ ስጡን አለች። አንድ ቀኑ ይቅር አንድ ከሰዓት አለች። ሐዘን አትበሉት፣ ጥየቃ በሉት አለች። በየስብሰባው መጨረሻ «ልዩ ልዩ» የሚባል አለ፤ የእሷን ጉዳይ እዚያ ሥር ወረወሩት። እዚያ ሲደረስ ሰዉ ኮቱን እየለበሰ ነው።

እኔም መረረኝ። አንድ ቀን ከስብሰባ ስንወጣ «ለምን አትተይውም? ሰው ካልፈለገ አልፈለገም!» ብዬ ጮህኩባት።

ቆመች። «ሰው የምትለው ማንን ነው? እዚያ የተቀመጡት ባሎች ናቸው። ሚስቶቻቸውን ጠይቀሃል?»

«ሚስቶቻቸው ምን ይላሉ?»

«እኔም አላውቅም። ደንቡ አያስገባቸውም። ለዚህ ነው የምነዘንዘው።» ብላ ጥላኝ ሄደች፤ የባጃጁን ሒሳብ የመክፈል ተራው የእኔ ሆኖ እንኳ አልጠበቀችኝም።

በዚህ መሐል ኮሌጁ ሶሲዮሎጂን ከትምህርት ዝርዝሩ አወጣው። ተማሪ አይፈልገውም፣ ሥራ አያስገኝም ተባለ። በምትኩ ሥራ ፈጠራ የሚባል ገባ፤ ለእሷም ጥቂት ክፍለ ጊዜ ጣሉላት። ቢዝነስ እንዴት እንደሚከፈት ስታስተምር ተማሪዎቿን «ይህን ሱቅ ሌላስ ማን ከፍቷል?» እያለች ነበር አሉ። ከዚያ ኩላሊቷ ታመመ።

ሆስፒታል ስጠይቃት ፊቷ አባብጦ፣ እግሯ አብጦ አገኘኋት። ነርሷ መርፌ ልትወጋት ስትጎነብስ «እህቴ፣ በዚህ በሽታ ሌላስ ማን ገብቷል?» አለቻት። እኔ ሳቅኩ። ነርሷ ግን ቆም ብላ አስባ «ብዙ ሰው» አለች። ዘነበች በድል አድራጊነት አየችኝ። ልወጣ ስል እጄን ያዘችና «አጀንዳውን አንተ ታነሳለህ?» አለችኝ።

«አነሳለሁ።»

«ልዩ ልዩ ሥር እንዳትቀበል። እዚያ ላይ ሰዉ ኮቱን ይለብሳል።»

ከእሷ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይሄ ነው። ሰው የመጨረሻ ቃሉ ይሄ ይሆናል?

እድሩ ድንኳን ጣለላት፤ አባል ናትና ደንቡ ያዛል። እህቷ ማርታ ከአንጋጫ መጥታ ለቅሶውን ተቀመጠች። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ወንዶቹ ካርታቸውን ሰብስበው መሄድ ጀምረዋል። ድንኳኑ ውስጥ የቀሩት ሴቶቹ ናቸው፤ እነዚያው፣ በየለቅሶው መጨረሻ የሚወጡት። ከሾኔ የመጡ ነበሩ፤ ከአዲሎም በሚኒባስ የመጡ አየሁ። አስናቀችም እናቷን ይዛ አለች። ጋሽ ላምቤቦ እንደ ልማዳቸው አንዱን ገመድ ራሳቸው መፍታት ጀመሩ።

«እንግዲህ እናቶች፣ እግዜር ያጽናችሁ። ድንኳኑ ይነሳል።»

የደሳለኝ እናት ካሉበት አልተንቀሳቀሱም። «አይነሳም» አሉ።

«ምን?»

«ለዘነበች ተቀምጠናል፤ ነፍሷን ይማር። ከአሁን በኋላ ለደሳለኝ እቀመጣለሁ።»

«ይሄማ የመምህርት ዘነበች ድንኳን ነው!»

«አዎ፣ የእሷ ነው። በሌላ ሰው ድንኳን አልደፍርም ነበር። በእሷ ግን እደፍራለሁ።» ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞሩና፣ የዘነበችን ድምፅ ሳይሆን የራሳቸውን ደካማ ድምፅ ይዘው፣ «ሌላስ ማን አለ?» አሉ።

አስናቀች ተነሳች። «ወንድሜ ታምራት» አለችና ተቀመጠች። እናቷ ፊታቸውን ሸፈኑ። ከሾኔ የመጡት አንዷ «የእኔ አበራ» አሉ። ከአዲሎ የመጣች «ባለቤቴ፣ ምስክር» አለች። ስም ብቻ ነው፤ ሌላ ነገር የጨመረች የለችም። ጋሽ ላምቤቦ «ኧረ እናቶች፣ ኧረ ተዉ፣ ይሄ ሥርዓት አይደለም!» እያሉ ነው፤ ገመዱ እጃቸው ላይ ነው። ያኔ ከድንኳኑ መሐል ባለቤታቸው ተነሱ።

«የእኔ ኤርሚያስ» አሉ።

«አንቺ!» አሉ ጋሽ ላምቤቦ። «ኤርሚያስ ደህና ነው!»

«መቼ ደወለ?»

ሁላችንም ወደ ጋሽ ላምቤቦ ዞርን። ስንት ጊዜ ነው «ትናንት ደውሎ ነበር» ያሉን? ስንቶቻችን ነን ሱቁ እንዴት ነው ብለን የጠየቅናቸው? ገመዱን አዩት። ከዚያ ጎንበስ ብለው መልሰው ካስማው ላይ ጠመጠሙት። በሕይወታቸው እንደዚያ የላላ ቋጠሮ አስረው የሚያውቁ አይመስለኝም። ቀና ሳይሉ ወጥተው ሄዱ።

ያን ከሰዓት ተቀመጥን። ወሬው ተሰምቶ ወንዶቹም እየተመለሱ መጡ። ምን ማለት እንዳለበት የሚያውቅ አልነበረም። «እግዜር ያጽናሽ» አይሆንም፤ «ይመጣል» ማለትም አይሆንም። ስለዚህ ዝም ብለን ተቀመጥን። የደሳለኝ እናት ያን ቀን አላለቀሱም። ሰዉ ሲገባ አንገታቸውን ቀና አድርገው ያዩ ነበር፣ ማን እንደመጣ ለማወቅ።

ይህን ያየ እድር ምን ያደርጋል ትላላችሁ? እኔ ሞኙ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ነገሩ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። አጀንዳውን ተራ ቁጥር አስይዤ ልዩ ልዩ ሥር አልገባም ብዬ ተከራከርኩ። ጋሽ ላምቤቦ ግን ቀድመው አንዲት ማሻሻያ አነበቡ፦ ድንኳን በሦስተኛው ቀን ለማንም ሳይቆይ ይነሳል። እጅ ወጣ፣ ጸደቀ። ያ ሁሉ ወንድ ያን ቀን ድንኳኑ ውስጥ ነበር እኮ! አይተዋል፣ ሰምተዋል! ከዚያ ሁሉ የተማሩት ቀዳዳውን መድፈን ነው። የእኔ አጀንዳ ለሚቀጥለው ተላለፈ። ደንቡን በጥፊ መምታት ቢቻል ኖሮ እመታው ነበር። ከአዳራሹ ስወጣ ለዘነበች ልነግራት ስልኬን አወጣሁ። ስሟ ላይ ጣቴን አድርጌ ቆምኩ።

ባለፈው ሳምንት ሰፈራችን ውስጥ አንድ አዛውንት ሞቱ። ብዙ የኖሩ፣ በልጅ በልጅ ልጅ የተቀበሩ ሰው ናቸው። በሦስተኛው ቀን፣ አዲሱ ደንብ እንደሚለው ለማንም ሳይቆይ፣ ድንኳኑ ተነሳ። ምሰሶው ወረደ፣ ሸራው ተጠቀለለ። ድንኳኑ የነበረበት ሜዳ ላይ ግን አንድ አግዳሚ ቀረ፤ የደሳለኝ እናት፣ አስናቀችና እናቷ፣ የጋሽ ላምቤቦም ባለቤት ተቀምጠውበታል። ፀሐይ ላይ። ማንንም አላስቸገሩም፣ ምንም አልጠየቁም። እቃ የሚሰበስቡት ወጣቶች አግዳሚውን ሊወስዱ መጥተው ቆሙ፣ ምን እንደሚያደርጉ ሳያውቁ ወደ ዳኛው አዩ።

ጋሽ ላምቤቦ በርከክ ብለው ሸራውን በገመድ እያሰሩ ነበር። ቀና አላሉም።

«ያንን ተዉት» አሉ። «ሰው ተቀምጦበታል።»

መጥተው ግን አልተቀመጡም። ሸራቸውን አሸክመው ሄዱ። ይህችን ለማለት ያ ሁሉ ዓመት ፈጀባቸው፣ መስማት የነበረባት ሰው ደግሞ አልሰማችም! በንዴት ወደ ቤቴ መሄድ ጀመርኩ። ትንሽ ሄጄ ተመለስኩ። የደሳለኝ እናት ሲያዩኝ ነጠላቸውን ሰብስበው ጠጋ አሉና ከአግዳሚው ጫፍ ቦታ ለቀቁልኝ።